ከአምስት መቶ ቃል የተረፈው

«ላይ ቤት ሰው ልጄን ሲያወራው ሰማሁ» አለች እናቷ፣ እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ። ፋይዛ ከላፕቶፑ ቀና ብላ «የትኛውን ልጅሽን?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እናቷ ሳዲያ የወለደችው ሁለት ነው። አንዷ እዚሁ ሳሎን የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ የተደፋችው ፋይዛ ናት። ሌላው፣ ሙከሚል፣ ኮልፌ መቃብር ከገባ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። አባቷ መሐሙድ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ግማሽ እንዳለ አስቀመጠና ቆቡን አድርጎ «እስቲ እኔ ልሂድ» ብሎ ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ስፌት ቤቱ ወጣ። ሚስቱ ያለችውን የሰማ አይመስልም ነበር። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

«ሬዲዮ ይሆናል እማ» አለች ፋይዛ።

«ሬዲዮ አይደለም። የሴት ድምፅ ነው። በቧንቧው ቀዳዳ ነው የሚወርደው።»

«ስሙን ጠራችው?»

«ስሙን አልጠራችውም። እሱ ነው ግን።»

ፋይዛ ተነሥታ ሄደች። የኮንዶሚኒየሙ መታጠቢያ ቤት ሁለት ሰው አያስቆምም፤ እናቷ ወጥታ አሳለፈቻት። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ኋላ ቧንቧው ጣሪያውን በስቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሠራተኞቹ በሲሚንቶ ሳይደፍኑት ነው የሄዱት። በዚያ በኩል የላይኛው ቤት ሳል፣ የስልክ ጥሪ፣ የቁሌት ሽታ ሳይቀር ይወርዳል። መጀመሪያ የሰማችው ውሃ ሲንጠባጠብ ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ ድምፁ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የተጠና፣ ትምህርት ቤት ግጥም በቃሉ እንደሚያነበንብ ልጅ ዓይነት። «እናታችን ደሴ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ግቢው ገልብጦት ነበር። ወንድሜ ጠዋት ሲነቃ ውሃ ጠማኝ አለኝ።» ድምፁ ቆመ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ። የሚነገረው በአማርኛ ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሮቹ የእሷ ናቸው። በእንግሊዝኛ ጽፋቸው ባለፈው ሳምንት ቆርጣ የጣለቻቸው።

«አበድኩ እንዴ?» አለች እናቷ ከውጭ።

«አላበድሽም» አለቻት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ነገሩ የመጣው ከማመልከቻ ድርሰት ነው። ፋይዛ በክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሆላንድ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ለሁለተኛ ዲግሪ ከነሙሉ ወጪው ሰው እንደሚቀበል ሰምታ ማመልከት ከጀመረች ወር አልፏታል። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ሁሉም ሰነድ ተሟልቷል፤ የቀረው ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጠች የምታስረዳበት ድርሰት ብቻ ነበር። ከአምስት መቶ ቃል መብለጥ የለበትም። ድርሰቱ የሚለጠፍበት ሣጥን ከአምስት መቶ ያለፈ እንደሆነ ፊደሉ ቀልቶ መላኪያው አልጫን ይላል። የእሷ የመጀመሪያ ጽሑፍ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ሙከሚል ነው። አስባ አልነበረም። ስለ ሥራዋ ልትጽፍ ተቀምጣ እጇ ወደዚያ ጠዋት ሄደ፤ ጌጃ ሰፈር ወደነበረው ቤታቸው፣ ወደ ጭቃው፣ ወደ ሽታው። ለእናቷ ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገረችውን ለማታውቃቸው ፈረንጆች ዘረገፈችው። በእንግሊዝኛ ሲሆን የሌላ ሰው ታሪክ ይመስል ስለነበር ብዙም አላመማትም።

ያንን ጽሑፍ ያየው ሰው አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ጌጃ ሰፈር ሲፈርስ ከተረፉት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር አስገብተው፣ ለውጭ ትምህርት የሚያመለክቱ ልጆችን ጽሑፍ በገጽ ሃምሳ ብር ያርማሉ። እጃቸው የተባረከ ነው ተብሎ ከሣሪስ ድረስ ይመጣላቸዋል። የፋይዛን ጽሑፍ አንዴ አንብበው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና «ይኼ ሐዘን ነው፤ ዓላማ አይደለም» አሏት። «ዩኒቨርሲቲ ለቅሶ ቤት አይደለም። ወንድምሽን አውጪው።» እሺ አለች። እሳቸው በጣታቸው አንዲት ቁልፍ ተጫኑ፤ ሙከሚል ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ከታች ያለው ቁጥር ልክ ዶፍ ዝናብ እንዳባራለት ጅረት ወርዶ ከአምስት መቶ በታች ተኛ። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀለል ብሏት ነበር፤ የረበሻት ያ መቅለሉ ነው።

አሁንም በዚያው መንገድ ሄደች። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የፈረሰው ሰፈር በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳው ሲያዩት ግድግዳ የሌላቸው ደረጃዎች፣ ቤት የሌለው የበር መቃን፣ ማንም የማይቀዳበት የቧንቧ ጫፍ ይታያል። የድሮ ቤታቸው የነበረበት ቦታ እንኳ አልቀረም፤ አሁን የብሎኩ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እናቷ ወደ ገበያ ስትወጣ በዚያ አታልፍም፣ ዞራ ነው የምትሄደው። ቅዳሜ ስለነበር መንገዱ በቲማቲምና በሽንኩርት ሻጭ ተሞልቷል። አንዲት ሴት ኪሎ ሽንኩርት ዐሥራ ሁለት ብር ገባ እያለች ከጎረቤቷ ጋር ታማርራለች። ሁሉ ነገር እንደወትሮው ነው። ፋይዛ ግን ሰው ሁሉ ሲያወራ ቃሉን ታዳምጥ ነበር፤ የሚያወራው የራሱን መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል።

ጋሽ ኃይለመለኮት ቤት አግዳሚው ላይ ወረቀት የያዙ ሦስት ወጣቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንደኛዋ በእርሳስ ጫፍ ቃል እየነካካች ትቆጥራለች።

«ላክሽው?» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት ፈገግ ብለው።

«አልላክሁም። የወንድሜን ነገር ለማን ሰጡት?»

አልካዱም፤ አልደነገጡምም። «ለደሚቱ» አሉ። «እናንተ ብሎክ አራተኛ ፎቅ የተከራየች ልጅ ናት። አታውቂያትም?»

«የእኔ ወንድም ነው እኮ ጋሼ!»

«አውጪው ስልሽ አወጣሽው። ለአንቺ ሥራሽ ይናገርልሻል፤ ወንድምሽ አያስፈልግሽም ነበር። እሷ ግን ይዛ የመጣችው ግማሽ ገጽ አይሞላም። እናት አባቷን አታውቅም፤ ነቀምት አክስት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ወንድም የላት፣ እህት የላት። ቁጭ አድርጌ ምን ደርሶብሻል ብላት ምንም አለችኝ። ምንም! ስም አልጠራሁም፣ ሰፈሩን አልጠቀስኩም። ታዲያ ምን ጎደለብሽ?»

እሳቸው ወረቀት አመቻችተው ፕሪንተሩ ላይ እያስገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው የሚቆርጠውን አልጥልም። ኃጢአት ይመስለኛል። በቃልሽ ያዢው ብያታለሁ፤ ለቃለ መጠይቅ ይጠሯት ይሆናል። መጀመሪያ በአማርኛ ልመጂው አልኳት። በአማርኛ ያላመነችበትን በእንግሊዝኛ ማንም አያምናትም።»

«ልካዋለች?»

«ከትናንት ወዲያ። አንቺ ወደምትልኪበት።»

ፋይዛ አግዳሚው ላይ ያሉትን ወጣቶች አየቻቸው። አንደኛው ፈገግ አለላት፤ የማን ወንድም ሆኖ እንደሚሄድ፣ የማንን እናት ይዞ እንደሚሄድ የሚያውቅ አይመስልም። የሌሎቹስ እንዲሁ ነው ወይ ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ መልሱን ፈራችው። ማዶ አገር ባለ ቢሮ፣ በተደረደረ ወረቀት ውስጥ፣ ሟቾች ከማያውቋቸው እህትና ወንድም ጋር ተቀምጠው ታዩዋት። ሳትሰናበት ወጣች።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ የደሚቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ደፉ ላይ የእናቷ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። ፋይዛ ጎንበስ ብላ አየችው፤ እናቷ ወደዚህ ፎቅ ወጥታ አታውቅም። አንዲት ክፍል ናት። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ቀሚስ አለባት። ግድግዳው ላይ የማንም ፎቶ የለም። እናቷ ፍራሹ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ደሚቱ ከፊቷ በርጩማ ላይ ናት፤ ፋይዛ ደረጃ ላይ ደጋግማ ሰላም ያለቻት፣ ስሟን ግን ጠይቃት የማታውቅ ቀጭን ልጅ። እናቷ ለጩኸቷ ልትቆጣት የመጣች መስሏት በሩን የከፈተችላት ይመስላል። አሁን ግን ዓይኗን ጨፍና ታወራለች።

«አዝዬው ወጣሁ። ታክሲዎቹ በተቅማጥ የራሰ ልብሱን ሲያዩ በር ይዘጉብን ነበር። ተክለ ሃይማኖትን እንዳለፍን፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው አለኝ።»

እናቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከደሴ ደርሳ ጀናዛው ተቀብሮ ያገኘች ቀን እንኳ፣ ሰው ሁሉ ታልቅስ እንጂ ይውጣላት ሲል፣ እንባ ያልወጣት ሴት ናት። ያኔ ምን ሆኖ ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ትኩሳት ነው ተባለች፤ እሺ ብላ ቤት መጥረግ ጀመረች። አሁን ከሆዷ የሚወጣው ድምፅ ፋይዛን አስፈራት። ይበልጥ ያስፈራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሙከሚል እናቱን አልጠራም ነበር። ያን ዓይነት ነገር አላለም፤ እሷም አልጻፈችውም።

«እሱን ከየት አመጣሽው?» አለች ከበሩ ላይ።

ደሚቱ ዓይኗን ገለጠች። «የቱን?»

«እናቱን ጠየቀ ያልሽውን። ጋሼ ናቸው የጨመሩት?»

«እሳቸው አይደሉም።» ደሚቱ ግራ ገብቷት ወደ አሮጊቷም ወደ ፋይዛም አየች። «እኔ እንጃ። ስለማመድ ስለማመድ መጣ። እኔ የጨመርኩት አይመስለኝም። ሲናገር የሰማሁት ነው የሚመስለኝ።»

«ወንድሜ ነው» አለች ፋይዛ። «የምታወሪው የእኔን ወንድም ነው። ሙከሚል ይባላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ደሚቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቆይታም «አላወቅሁም፤ በሞቱት ይሁንብኝ አላወቅሁም» አለች። «ጋሼ የፈጠሩት ነው የመሰለኝ። እጽፍላቸዋለሁ፤ የእኔ አይደለም እላቸዋለሁ።» ብድግ ብላ ስልኳን ስትፈልግ የፋይዛ እናት ቀሚሷን ያዝ አደረገችና «ቁጭ በይ» አለቻት። «ከዚያስ?»

«እማ» አለች ፋይዛ። ወደ ፍራሹ ጠጋ ብላ ተንበረከከች። «እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። የምትፈልጊውን ሁሉ እኔ ልንገርሽ። ነይ ቤት እንውረድ።»

እናቷ አላየቻትም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ከአንቺ አፍ አልችለውም» አለች። «ካንቺ ፊት ላይ አየዋለሁ። እስካሁንም ያልጠየቅሁሽ ለዚያ ነው። ተዪኝ፣ ከእሷ ልስማው።»

ፋይዛ ብቻዋን ወረደች። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር። ተቀመጠችና የቆረጠችውን ሁሉ መለሰችው። ሥራዋን አወጣች፣ ሥልጠናዎቿን አወጣች፣ ወደፊት ልሠራ አስባለሁ ያለችውን አወጣች፣ ሙከሚልን አስገባች። ውሃ የቀዳችለትን ጄሪካን፣ የተዘጉትን የታክሲ በሮች፣ ጀርባዋን ያራሰውን ሙቀት። በአምስት መቶ ቃል ልክ ገባ። ልትልከው እጇን ስትሰነዝር የደሚቱ ድርሰት ታወሳት። አንዱ ቢሮ ውስጥ አንዱ ሰው ከትናንት ወዲያ አንብቦታል። የእሷን ሲያይ አንዷ ሌባ ናት ይላል፤ ሌባዋ ደግሞ ኋላ የደረሰችው ናት። ደሚቱ የእኔ አይደለም ብላ ብትጽፍላቸውም ሁለቱንም ማመን ያቆማሉ። ስለዚህ እንደገና ማውጣት ጀመረች። ባለፈው ጋሽ ኃይለመለኮት በአንድ ጊዜ ነበር ያጠፉት። እሷ ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ቃል በቃል እየሰረዘች ወደ ኋላ ሄደች፤ ልጁ ከጀርባዋ ወረደ፣ ወደ ቤት ተመለሰ፣ ተኛ፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ቀረ። መላኪያውን ስትጫን ቤቱ ውስጥ ሰው የወጣ ያህል ቀዘቀዛት። በሐምሌ ዩኒቨርሲቲው ተቀብለንሻል የሚል መልስ ላከላት። የተቀበሉት ውስጡ ማንም ያልሞተበትን ድርሰት ነበር። ደሚቱን ሳይጠሯት ቀሩ።

የዚያን ቅዳሜ አባቷ የተመለሰው ከአስር ሶላት በፊት ነው። ምሳ አልቀረበም። «እናትሽስ?» አለ።

«ላይ ቤት ናት።»

ማን ጋ፣ ለምን፣ አላለም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ፋይዛ ለሶላት የሚታጠብ መስሏት ምንጣፉን አወጣችለት። የውሃ ድምፅ ግን አልመጣም። ቆየች። ሳል የለ፣ የቧንቧ ድምፅ የለ፣ እግሩን እንኳ አያነሣም። በሩ ላይ ጆሮዋን ብታደርግ አባቷ ሲተነፍስ ሰማችው፤ እንደተሸከመ ሰው፣ በአፉ። ከሱ ትንፋሽ በላይ ደግሞ፣ ከጣሪያው በኩል፣ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ነበር። አንኳኩታ ልትጠራው እጇን አነሣችና መለሰችው። ምንጣፉን በሩ ሥር ትታለት ወደ ላይ ወጣች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አቀማመጥ ተለውጧል። ደሚቱ ከበርጩማው ወርዳ ፍራሹ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ሁለት ባዶ የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አለ። ፋይዛ ስትገባ ማንም ዝም አላለም።

«በግራው አይተኛም ነበር» ትላለች እናቷ። «ሁልጊዜ በቀኝ ጎኑ ነው።»

«በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ነበር» አለች ደሚቱ።

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

«አዎ» አለች ደሚቱ፣ የራሷን ቅንድብ እየነካች። «እዚህ ጋ።»

እናቷ ቀና ብላ ፋይዛን አየቻት። ዓይኗ አብጧል እንጂ ጤነኛ ነው፤ አልሳተችም፣ አልዘነጋችም፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። «ነይ ቁጭ በይ» አለቻት፣ ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ጠጋ እያለች። «ስለ ወንድሟ እየነገረችኝ ነው።»

ፋይዛ ወንድሟ የሚለው ቃል እስኪታረም ጠበቀች። አልታረመም። ተቀመጠች። ደሚቱ ወደ ፋይዛ አንዴ በፍርሃት አየችና፣ እናቷ እጇን ስትጫናት፣ ካቆመችበት ቀጠለች፤ መንገዱን፣ ታክሲዎቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር። ልጁ እናቱን የሚጠራበት ቦታ ላይ ስትደርስ ፋይዛ በየትኛውም ጽሑፏ ላይ ያላሰፈረችውን፣ ለማንም ያልተናገረችውን ሰማች፤ ከራሷ አፍ ሲወጣ።

«ቀስ በይ ብሏት ነበር» አለች። «መነቅነቁ ሆዱን ያመው ነበር። ቀስ በይ ይላት ነበር፣ እስከ መጨረሻው። እሷ ግን እየሮጠች ነበር።»

ከታች፣ በቧንቧው በኩል፣ ምንም አልተሰማም። እናቷ ፊቷን ወደ ፋይዛ አላዞረችም። ደሚቱን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ቀስ በይ አለሽ?»

ደሚቱ ከእናቷ ትከሻ በላይ ፋይዛን አየቻት። ፋይዛ አንገቷን ነቀነቀችላት።

«አዎ» አለች ደሚቱ። «እኔ ግን ሮጥኩ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች እናቷ። ልጅቷን ወደ ደረቷ ስባ ፀጉሯን ትዳብስ ጀመር። «በመሮጥሽ ደግ አደረግሽ፣ የእኔ ልጅ። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።»

ደሚቱ እናት እንዳላት ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ፋይዛ ከፍራሹ ጥግ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የሰው ሐዘን ለመድረስ እንደመጣች ጎረቤት፣ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።